የባሕሩ ወለልም አማና ነው



ውድ አንባቢያን! የሰው ልጅ ጥፋቱን የሚሸፍንባቸው ማመካኛዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ግን «ባሕር ሰፊ ነው» ከሚለው የበለጠ ምቹ የሚገኝ አይመስለኝም። ፍሳሽ ሲለቀቅ «ባሕር ሰፊ ነው»፤ ዘይት ሲደፋ «ባሕር ሰፊ ነው»፤ ቆሻሻ ሲጣል «ባሕር ሰፊ ነው» ይባላል። ዛሬ ደግሞ ይኸው ቃል በሺህ የሚቆጠሩ ቶን ዓሦችን በመረብ አጉረው ከሥራቸው ያለውን ወለል ለሚያፍኑ ሰዎች መከራከሪያ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ልንሞግተው የምንፈልገው ይህንኑ ማመካኛ ነው። ጉዳዩ የሩቅ አገር የባሕር ሰዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ለሚታያችሁ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡን። ከገበታችንም ከሐይቆቻችንም ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ኢንሻአላህ እናሳያለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ዓሣን ማርባት ሐራም ነው አላልንም፤ አንልምም። አላህ (ሱ.ወ) የባሕርን አደንና ምግብ ለባሮቹ መፍቀዱን በሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 96 ነግሮናል። የባሕር ውኃ ንጹሕ መሆኑን፣ በውስጡ የሞተውም የተፈቀደ መሆኑን ከአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈው ሐዲሥ በትላልቅ የሐዲሥ መጻሕፍት ይገኛል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በእርባታ የተገኘው ዓሣና ሌላ የውኃ እንስሳ 94.4 ሚሊዮን ቶን ደርሶ፣ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባሕርና ከሐይቅ ተጠምዶ ከሚገኘው በልጧል። ከዚህ የሚበዛው በኩሬና በመሬት ላይ ገንዳ የሚረባ ነው። የእኛ ክርክር በባሕር ውስጥ፣ ሥሩ ክፍት በሆነ መረብ ከሚካሄደው እርባታ ጋር ነው።

በረቱን የሚጠርገው ማን ነው?

የገጠር ሰው ይህን ነገር ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከብት ያለው ሰው በረት አለው፤ በረት ያለውም ጠዋት ጠዋት እበት ይዝቃል። እበቱ ኩበት ይሆናል፤ ለማሳም ማዳበሪያ ይሆናል። አንድ ገበሬ መቶ ከብት በአንድ ጠባብ በረት አጉሮ፣ እበቱን አንድም ቀን ሳይዝቅ ዓመት ቢከርም ምን ይሆናል? ጎረቤቱ ዝም ይለዋልን?

በባሕር ላይ ያለው የመረብ በረት እንዲህ ነው። ክብ ቀለበት በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ከቀለበቱ ሥር መረብ እንደ ትልቅ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ በውስጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዓሣ ይጎራል። መኖ ከላይ ይበተናል። ከመኖው ዓሣው ያልደረሰበት ወደ ታች ይወርዳል፤ የተበላውም ኩስ ሆኖ ይከተላል። በዓረብ አገር ገበያ «ዴኒስ» የሚባለው ዓሣ አንድ ኪሎ ክብደት ለመጨመር ሁለት ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። እንግዲህ ሁለት ሺህ ቶን ዓሣ ለማሳደግ አራት ሺህ ቶን ያህል መኖ ወደ አንድ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው። ከሥር አካፋ ይዞ የሚጠርግ ሰው የለም። እበቱ ያለው በባሕሩ ወለል ላይ ነው፤ ወለሉን የሚያይ ዓይንም የለም።

ታዲያ በወለሉ ላይ ምን ይሆናል? አላህ በባሕር ጭቃ ውስጥ የበሰበሰውን የሚያብላሉ እጅግ ጥቃቅን ፍጡራን አኑሯል። ሥራቸውን ሲሠሩ ኦክሲጅን ይጠቀማሉ። የሚወርደው በልክ ሲሆን ሥራው ይሳካል። ከልክ ሲያልፍ ግን ኦክሲጅኑ ያልቃል፤ ጭቃው ይጠቁራል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። በላዩም ነጭ የባክቴሪያ ምንጣፍ ይነጠፋል። ከላይ ሲያዩት አዲስ የወደቀ በረዶ ይመስላል፤ ነገር ግን የከፈን ጨርቅ ነው።

ከዚያ በፊት በዚያ ጭቃ ላይና ውስጥ ዛጎሎች፣ የባሕር ኮከቦች፣ ትናንሽ ሸርጣኖች፣ ብዙ ዓይነት ትሎች ይኖሩ ነበር። መሸሽ የሚችለው ይሸሻል፤ የማይችለው በያለበት ይሞታል። ብዙ ጊዜ የምትተርፈው ካፒቴላ የምትባል ቀጭን ትል ናት። እርሷም በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ በአሥር ሺዎች ሆና ትፈላለች። የባሕር ተመራማሪዎች ወለሉ መታመሙን ከሚያውቁባቸው ምልክቶች አንዷ ይህች ትል ናት። ጥፋቱ እዚያ ላይ ሲብስ እርሷም ትጠፋለች፤ ያኔ ሕይወት የሌለው ጥቁር ጭቃ ብቻ ይቀራል።

በዚህ ላይ ሌላም ይጨመራል። መረቡ አልጌ እንዳይዘው የሚቀባው መዳብ ያለበት ቀለም እየተፋቀ ይወርዳል። በሰሜን ባሕሮች በሚረባው ሳልሞን ላይ የሚጣበቀውን ቅማል ለመግደል ከመኖው ጋር የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ በኩሱ በኩል ወደ ጭቃው ይገባል። ቅማሉም ሸርጣኑም ሽሪምፑም የአንድ ወገን ፍጡራን ናቸውና፣ ያኛውን የሚገድል እነዚህንም ይጎዳል።

«ትል ናት፤ ምን አለበት?»

አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ብሎ «ስለ ትል ነው የምታለቅሱት?» ይለን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ አዎን፣ ስለ ትልም ጭምር ነው።

በሱረቱል አንዓም ቁጥር 38 ላይ በምድር የሚንቀሳቀሰውም በክንፉ የሚበረውም እንደ እናንተ ሕዝቦች ናቸው ተብለናል። በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 44 ላይ ደግሞ ነገር ሁሉ ጌታውን እንደሚያወድስ፣ እኛ ግን ማወደሳቸውን እንደማንረዳ ተነግሮናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ ከነቢያት አንዱ አንዲት ጉንዳን ነክሳው የጉንዳኖቹን መንደር በሙሉ ባቃጠለ ጊዜ፣ አላህን ከሚያወድስ ሕዝብ አንዱን አጠፋህ ተብሎ መወቀሱ ይገኛል። ነቢይ በጉንዳን ከተወቀሰ፣ ነጋዴ በባሕር ወለል ፍጡራን የማይጠየቀው ለምንድን ነው?

ከዚህም ሌላ ትሏ ሥራ አላት። በባሕር ጭቃ ውስጥ የምትቆፍረው ትል ጉድጓዷን እያናፈሰች ኦክሲጅን ወደ ውስጥ ታስገባለች፤ በመሬት ላይ የምድር ትል ለገበሬው አፈር የምትሠራውን ሥራ በባሕር ትሠራለች ማለት ነው። ትሏን ሸርጣን ይበላል፤ ሸርጣኑን ዓሣ ይበላል፤ ዓሣውን ሰው ያጠምዳል። አላህ በሱረቱ ረሕማን ሚዛንን እንዳቆመና ሚዛኑን እንዳንጥስ ያዘዘን ለገበያ ሚዛን ብቻ ይመስላችኋልን? የባሕሩ ወለል ራሱ ሚዛን ነው። በአንድ በኩል ያለ ልክ ስትጭኑበት በሌላው በኩል ይገለበጣል።

የአይላ ነገር

አሁን ወደ አንድ ስፍራ ልንወስዳችሁ ነው። በሱረቱል አዕራፍ ከቁጥር 163 ጀምሮ በባሕር ዳርቻ ስለነበረች አንዲት ከተማ ተነግሮናል። ሕዝቧ በቅዳሜ ቀን ዓሣ እንዳያጠምድ ተከለከለ። ፈተናም ሆነና ዓሣው በቅዳሜ ቀን በገሃድ ወደ ዳርቻ ይመጣል፤ በሌላው ቀን ግን ይጠፋል። ሙፈሲሮች እንደሚተርኩት ከእነርሱ አንዳንዶቹ ዘዴ ፈጠሩ። በዓርብ ቀን መረብና የውኃ ጉድጓድ ያዘጋጃሉ፤ ዓሣው ቅዳሜ ገብቶ ይታገታል፤ እነርሱ እሑድ መጥተው ያወጡታል። ከዚያም «እኛ በቅዳሜ ቀን አላጠመድንም» ይላሉ። ቃሉን ጠበቁ፤ አማናውን ግን በሉ። ሒላ ማለት ይህ ነው።

ከተማይቱ የት ነበረች? ከኢብኑ አባስ (ረ.ዐ) በተላለፈውና ብዙ ሙፈሲሮች በያዙት ቃል አይላ ናት። ሌላ ስፍራ ያሉም አሉ፤ አላሁ አዕለም። የጥንቷ አይላ ፍርስራሽ ዛሬ በዮርዳኖስ አቀባ ከተማ ውስጥ ይታያል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአቀባ ባሕረ ሰላጤ መጨረሻ ላይ ማለት ነው። ከአጠገቧ፣ ከድንበሩ ማዶ፣ የእስራኤሏ ኢላት አለች። ግብፅና ሳዑዲ ዓረቢያም ይህንኑ ጠባብ ውኃ ይጋሩታል። ውኃው እጅግ ጥርት ያለ ነው፤ ጥራቱም የመጣው በውስጡ የሚሟሟው ምግብ ጥቂት ስለሆነ ነው። በዳርቻው ያለው የኮራል ሕይወት የለመደው እንዲህ ያለውን ንጹሕ ውኃ ነው።

እንግዲህ በዚሁ ባሕር ጫፍ፣ በኢላት በኩል፣ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ዴኒስ የሚረባባቸው የመረብ በረቶች ተዘረጉ። እያደጉ ሄደው በዓመት ከሁለት ሺህ ቶን በላይ ዓሣ ማውጣት ጀመሩ። ከበረቶቹ ሥር ያለው ደለል ጠቁሮ በነጭ የባክቴሪያ ምንጣፍ መሸፈኑን የባሕር ተመራማሪዎች መዘገቡ። በአካባቢው ኮራል ላይ የደረሰው ጉዳት ምን ያህሉ ከበረቱ፣ ምን ያህሉ ከከተማው ፍሳሽና ከወደቡ ሥራ የመጣ ነው በሚለው ላይ ሳይንቲስቶች ለዓመታት ተከራከሩ። ከበረቱ ሥር በነበረው ጭቃ ላይ ግን የሚያከራክር ነገር አልነበረም። የአገሩ ሰዎች ጮኹ፤ ተሟገቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥቱ በረቶቹ እንዲነሡ ወሰነ፤ በ2008 ከባሕሩ ወጡ።

ውድ አንባቢያን! ይህን ያነሣነው በሌላ ሕዝብ ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። የቁርኣን ታሪክ የሚነበበው ራስን ለመመርመር ነው። እንዲያውም በኢላት ጉዳይ ተቆጥተው የጮኹት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፤ ጩኸታቸውም ፍሬ አፍርቷል። ትምህርቱ ሌላ ነው። በአይላ ሰዎች ዘንድ ቃሉ ተጠብቆ ትእዛዙ ተጥሷል። ዛሬም «ዓሣው ሐላል ነው፤ ታዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ሰው የቃሉን ልብስ ለብሶ አማናውን የሚበላ ነው። ቁርኣን የሚያዘን ሐላል የሆነውን ብቻ አይደለም፤ በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 168 ላይ ሐላልም ጦይብም የሆነውን ብሉ ተብለናል። ሥጋው ሐላል መሆኑ አመራረቱን ከጥያቄ አያድነውም። የተሰረቀ በግ በቢስሚላህ ቢታረድ የሰረቀው ሰው ከወንጀሉ ይድናልን?

ሦስት ማመካኛዎች

የመጀመሪያው፣ «የሚጎዳው ከበረቱ ሥር ያለው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ክፉው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከበረቱ ሥርና በአቅራቢያው ይወሰናል። ነገር ግን በረቱ የሚቀመጠው የት ነው? ማዕበል በማይደርስበት ጸጥ ባለ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው፤ ይህም ለባለቤቱ ስለሚመቸው ነው። ጸጥ ያለ ውኃ ደግሞ ቆሻሻን አያጥብም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን፣ በማይፈስ ውኃ ውስጥ ሽንት መሽናትን የሚከለክለውን ሐዲሥ የሚማር የመድረሳ ልጅ ይህን ነገር ያውቀዋል። ለአንድ ሰው ሽንት ይህን ያህል ጥንቃቄ ከታዘዘ፣ በሺህ ቶን ለሚቆጠር ኩስ ምን ይባላል?

ምሳሌ ይሁነን። በአውስትራሊያ፣ በታዝማኒያ ደሴት ምዕራብ፣ ማኳሪ ሃርበር የሚባል ሰፊ የተከለለ ውኃ አለ። ከፊሉ የዓለም ቅርስ ክልል ነው። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የሳልሞን እርባታው በፍጥነት ሰፋ። በጥልቁ ውኃ ውስጥ የነበረው ኦክሲጅን አሽቆለቆለ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ከበረቶች ሥር ያለው ወለል ሕይወት አልባ እየሆነ መሄዱና የባክቴሪያው ምንጣፍ እስከ ቅርሱ ክልል መድረሱ ታወቀ፤ መንግሥትም የሚረባውን ዓሣ መጠን ቀነሰ። በዚያ ውኃ ወለል ላይ ሞጊያን ስኬት የተባለ ጠፍጣፋ ዓሣ ይኖራል። ዛሬ በእርግጠኝነት የሚገኘው በዚያ ብቻ ነው። ከ2014 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ቁጥሩ በግማሽ ያህል መቀነሱ ተመዘገበ። የወንዝ ግድብና የውኃው መሞቅም ድርሻ አላቸው። ከዚያ ወዲህ የማገገም ምልክት መታየቱም ተነግሯል፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም የሰው ልጅ በገዛ እጁ ያጎደለውን ኦክሲጅን በመሣሪያ ወደ ውኃው መልሶ መንፋት ግድ እስኪሆንበት ደርሷል። አላህ በነጻ የሰጠውን አየር በገንዘብ ገዝቶ ለባሕር መስጠት! «ጥቂት ቦታ» ያሉት ነገር መጨረሻው ይህ ነው።

ሁለተኛው ማመካኛ፣ «በረቱን ለጥቂት ጊዜ ሲያነሡት ወለሉ ያገግማል» የሚለው ነው። በአንዳንድ ስፍራ ከወራት እስከ ጥቂት ዓመታት ባለው ጊዜ ጭቃው ማገገሙ እውነት ነው፤ አዋቂ አርቢዎችም እንደ ገበሬ ማሳ ቦታውን ያሳርፉታል። ነገር ግን ሁሉም ወለል አንድ አይደለም። በሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ፖሲዶንያ የሚባል የባሕር ሣር አለ። ከዚያ ባሕር ውጭ በየትም አይበቅልም፤ ወደ ጎን የሚስፋፋውም በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የዓሣ ጫጩቶች የሚሸሸጉት፣ የሚያድጉት በእርሱ ውስጥ ነው። በስፔን ሜኖርካ ደሴት በአንድ ባሕረ ሰላጤ የነበረ የዓሣ እርባታ እ.ኤ.አ. በ1991 ተዘጋ። ይሁን እንጂ በረቶቹ ከተነሡ በኋላ እንኳ ሣሩ መሞቱን ለዓመታት ቀጠለ፤ ጭቃው አስቀድሞ ተመርዟልና። የመቶ ዓመት ዋርካ የቆረጠ ሰው «መሬቱን አሳርፌዋለሁ» ቢላችሁ ትቀበሉታላችሁን?

ሦስተኛው ማመካኛ ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው፤ «የተራበ ሰው መብላት አለበት» ይላሉ። ይህን በቀላሉ አናልፈውም፤ ረሐብን የማያውቅ አገር ልጆች አይደለንም። ሆኖም እንጠይቅ፤ በባሕር በረት የሚረባውን ሳልሞንና ዴኒስ የሚበላው ማን ነው? በብዛት መክፈል የሚችለው ነው። እነዚህ ዓሦች ደግሞ ሥጋ በል ናቸው፤ መኖአቸው ውስጥ የተፈጨ ዓሣና የዓሣ ዘይት አለ። በሞሪታኒያ፣ በሴኔጋልና በጋምቢያ ዳርቻ ድሃው ሙስሊም ወገናችን በእሳት አጭሶ ይበላው የነበረው ትንሽ ዓሣ በፋብሪካ እየተፈጨ ለባዕድ አገር እርባታ ይላካል። እንግዲህ ድሃው ዓሣውን አጣ፤ ባሕሩም ወለሉን አጣ። በተራቡት ስም የሚነገድ ሰው ለተራቡት አይቆምም። ለድሃው ማሰብ የፈለገ ሰው እጽዋት በል የሆነውን ዓሣ በኩሬ ያርባ፤ ወይም መኖ የማይጣልለትን ዛጎል ያርባ። ይህ መንገድ አለ፤ የታወቀም ነው።

መፍትሔው ባዕድ አይደለም

ክስ ብቻ ማሰማት ለሙእሚን አይበቃውም። ሊደረግ የሚችለውንም መናገር ይገባል። ቱርክን ተመልከቱ። በሕዝብ ቁጥሯ ትልቅ የሆነች የሙስሊም አገር ናት፤ በኤጂያን ባሕር ዳርቻዋም ዴኒስና ባስ በብዛት ታረባለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የአካባቢ ጥበቃ ሕጓን አሻሻለች። በ2007 ባወጣችው ደንብም የመረብ በረቶች በተዘጋ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ እንዳይቀመጡ ከለከለች። ከዳርቻው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ፣ ከ30 ሜትር ያላነሰ ጥልቀት፣ የሚያጥብ የውኃ ፍሰት እንዲኖር ደነገገች። በተከታዮቹ ዓመታት በረቶቹ ወደ ውጭ ባሕር ወጡ። ባለቤቶቹ በመጀመሪያ አጉረመረሙ፤ እርባታው ግን አልሞተም፤ እንዲያውም አደገ። ይህ ሁሉንም ችግር ፈታ አንልም፤ ጭነቱን ማራቅ ማስወገድ አይደለምና። ነገር ግን «ካልቆሸሸ አይቻልም» የሚለውን ውሸት አጋልጧል።

ቦታውን መምረጥ፣ መጠኑን መወሰን፣ ወለሉን በየጊዜው ወርዶ መመርመር፣ ሲታመም ማሳረፍ፣ ካልዳነ ማንሣት፤ ይህ ሁሉ ከሸሪዓችን መርሕ ጋር የሚሄድ ነው። ሌላውን መጉዳት እንደማይፈቀድ የሚያስተምረው የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲሥ የፊቅህ ምሰሶ ነው። ጉዳቱ ዓይን በማያይበት ቦታ ስለተፈጸመ ጉዳት መሆኑ አይቀርም። አላህ የሚያየው የውኃውን ፊት ብቻ ነውን?

እኛስ ምን አገባን?

አገራችን ባሕር የላትም። ሆኖም ሦስት ነገሮች ያገቡናል።

አንደኛ፣ ልጆቻችንና እህቶቻችን በጂዳ፣ በዱባይ፣ በኩዌት ይኖራሉ፤ ዴኒስና ሳልሞን በየገበያው ይገዛሉ፤ ለሌላውም ቤት ያበስላሉ። ሳዑዲ ዓረቢያም በቀይ ባሕር ዳርቻዋ የዓሣና የሽሪምፕ እርባታን እያስፋፋች ነው። ቀይ ባሕር ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ምድር ሲሰደዱ የተሻገሩት ባሕር ነው፤ የጎረቤታችን ባሕር ነው። ንጽሕናው ያገባናል።

ሁለተኛ፣ የራሳችን ሐይቆች አሉ። ጣና ስፋቱ ብዙ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ወለሉ ቅርብ ነው ማለት ነው። እምቦጭ የተባለው አረም ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በጣና ላይ ምን እንዳደረገ አይተናል፤ ያ አረም የሚፋፋው ከየአቅጣጫው ወደ ውኃው በሚገባ ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው። በኬንያ በኩል በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የመረብ በረቶች በፍጥነት በዝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ገደማም በውኃው ኦክሲጅን ማነስ ምክንያት ብዙ የበረት ዓሣ አልቆ አርቢዎች ከስረዋል። ነገ በጣና፣ በሐዋሳ፣ በዝዋይ ወይም በሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ላይ በረት ሊዘረጋ የሚመጣ ሰው «ሐይቁ ሰፊ ነው» ሲለን ምን እንመልስለታለን? መልሱን ከአሁኑ ማወቅ አለብን። «ወለሉን አሳየን፤ ማን ይመረምረዋል? ሲታመም ማን ያነሣሃል?» እንበለው።

ሦስተኛ፣ የአይላ ታሪክ ራሱ ያገባናል። ቁርኣን ሦስት ወገን አሳይቶናል። አንዱ ወሰን አለፈ። አንዱ ገሠጸ። አንዱ ደግሞ ገሣጮቹን «አላህ የሚያጠፋውን ሕዝብ ለምን ትመክራላችሁ?» አላቸው። ገሣጮቹ ከጌታቸው ዘንድ ምክንያት እንዲኖራቸውና ምናልባት ሰዎቹ ይፈሩ እንደሆነ ብለው መለሱ። ቅጣቱ በመጣ ጊዜ ከክፉ የከለከሉት መዳናቸው፣ ያጠፉትም መያዛቸው በግልጽ ተነግሯል። ዝም ስላሉት ግን በግልጽ የተነገረ የለም፤ ዑለሞችም በእነርሱ ነገር ተለያይተዋል። አንባቢ ሆይ! ቁርኣን ዝም ባለበት ወገን ውስጥ ለመገኘት ትደፍራለህን?

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ የመርከብ ሰዎች ምሳሌ አለ። ገሚሶቹ በላይ፣ ገሚሶቹ በታች ተሳፈሩ። የታቾቹ ውኃ ለመቅዳት ወደ ላይ መውጣት ሰለቻቸውና በድርሻቸው ቀዳዳ ለማበጀት አሰቡ። የላዮቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። የባሕሩ ወለል የዚህ መርከብ የታችኛው ፎቅ ነው። ልዩነቱ፣ በዘመናችን ቀዳዳውን የሚበሱት የላዮቹ መሆናቸው ነው፤ በታች ያሉት አፍ የላቸውም። አፍ ልንሆናቸው የሚገባን እኛ ነን።

ስለዚህ የቤተሰብ አባትና እናት የሆናችሁ ሁሉ፣ ከገበያ ዓሣ ስትገዙ «ከየት መጣ? እንዴት ረባ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ባያውቅም ጠይቁ፤ አሥር ሰው የጠየቀውን ሻጭ ነጋዴውን ይጠይቃል። ልጆቻችሁን ሐላልን ስታስተምሩ ጦይብን አትርሱ። በውዱእ ጊዜ ውኃ እንዳያባክኑ ስትቆጧቸው፣ የውኃው ባለቤት አላህ መሆኑንና በውኃው ውስጥ ያለው ፍጡር ሁሉ የእርሱ መሆኑን ጨምሩላቸው። ኹጥባ የሚያደርጉ ወንድሞቻችንም፣ በየብስና በባሕር ፈሳድ በሰዎች እጅ ሥራ መገለጹን የሚነግረንን የሱረቱ ሩምን ቁጥር 41 ሲያነሡ፣ ባሕር የሚለው ቃል ላይ ቆም ይበሉ። ብዙ ጊዜ ስለ የብሱ ብቻ ተናግረን እናልፋለን።

ባሕር ሰፊ ነው፤ አዎን። ያሰፋው ግን አላህ ነው፤ ያሰፋውም የእኛን ቆሻሻ እንዲሸከም ብሎ አይደለም። ከስፋቱ ውስጥ የእኛ የሆነ አንዲት ስንዝር የለችም፤ ሁሉም አማና ነው። አማና ተቀባይ ደግሞ የሚጠየቀው በዓይን ስለታየው ብቻ አይደለም።

አላህ ሐላልንና ጦይብን ያብላን፤ ከገሣጮቹ ወገን ያድርገን፤ አሚን።

ወሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።